ካሪኩለም ስትከልሱ ግቢውንም አብራችሁ ከልሱ

ይሄን የምጽፈው ዘንድሮ "ካሪኩለም ከልሱ" ለተባላችሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ የኮሚቴ አባላትና አዲስ ዲኖች ነው። እኔም እዚሁ ጅማ ተቀምጬ ይሄን ሥራ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ሠርቼዋለሁ። የሚሰጣችሁ ቅጽ ምን መሞላት እንዳለበት ይነግራችኋል። ሥራው ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን አይነግራችሁም።

ስብሰባ ላይ ሁለት ዓይነት አጀንዳ ይቀርባል። አንዱ የካሪኩለም ለውጥ ነው። ሌላው "የግቢ ጉዳዮች" የሚባለው ነው፤ ዶርም፣ ውሃ፣ ላብ (ቤተ ሙከራ)፣ ሰርቪስ፣ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍት። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ተለያይተው ይታያሉ፣ አንዳንዴ በተለያየ ቀን፣ በተለያዩ ሰዎች። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። አንድ ኮርስ ስትጨምሩ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ የላብ ሰዓት፣ አንዳንዴም የመኪና ነዳጅ እየጨመራችሁ ነው። ወረቀት ላይ ሦስት ክሬዲት ሆኖ የሚታየው ነገር ግቢ ሲገባ ወንበር ይፈልጋል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ስትሠሩ ሁለቱን አጀንዳ አንድ ላይ ያዙ።

1. መጀመሪያ ችግሩን በአንድ ገጽ ጻፉ

አሮጌውን ሰነድ ከፍታችሁ መሰረዝና መጨመር አትጀምሩ። መጀመሪያ "ምን ስለተበላሸ ነው የምንከልሰው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ ገጽ መልስ ጻፉ። "ሌላው ዩኒቨርሲቲ እንዲህ አድርጓል" መልስ አይደለም። "አምስት ዓመት ስለሞላው ነው" የሚለውም ቢሆን ለመጀመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ምን መለወጥ እንዳለበት አይነግራችሁም።

መረጃው ከየት ይመጣል? ከአራት ቦታ ሰብስቡ። ከሬጅስትራር፣ ማለትም ከተማሪዎች ምዝገባና መዝገብ ቢሮ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ብዙ ተማሪ የወደቀባቸውን ኮርሶች ዝርዝር ውሰዱ። ከተመራቂዎችና ከቀጣሪዎች ጋር ተነጋገሩ፤ መጠይቅ ብቻ አትላኩ፣ ስልክ ደውሉ፣ አሥር ሰው ደህና አድርጋችሁ ካናገራችሁ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። ኮርሱን የሚያስተምሩትን መምህራን "የትኛውን ምዕራፍ ነው ሁልጊዜ ሳትጨርሱት የምትቀሩት?" ብላችሁ ጠይቁ። አራተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ይሄን ፈተና ይወስዳል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ለፈተናው የወጣውን የብቃት ዝርዝር ከኮርሶቻችሁ አጠገብ አስቀምጡና አንድ በአንድ አስተያዩ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ብቃት የትኛውም ኮርስ ውስጥ ከሌለ እሱ እውነተኛ ችግር ነው። በተቃራኒው ግን ካሪኩለሙን ሁሉ ለፈተና ማዘጋጃ አታድርጉት። ልጆቹ ከፈተናው በኋላ ሥራ ቦታ ይገባሉ።

2. ለውጡ ትንሽ ነው ትልቅ? ቀድማችሁ ለዩ

ይሄ ደረጃ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ወር ያተርፍላችኋል። የአንድ ኮርስ ይዘት ማደስ፣ ማጣቀሻ መቀየር፣ የምዘና ዓይነት ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ክፍል ደረጃ ያልቃል። የኮርስ ስም፣ ኮድ፣ ክሬዲት ወይም ሴሚስተር ከተነካ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል። ፕሮግራም መክፈት፣ መዝጋት፣ ማዋሃድ፣ የምረቃ መስፈርት መለወጥ የሴኔት ጉዳይ ነው። የራሳችሁን ተቋም የሴኔት ሕግ አውጥታችሁ አንቀጹን አንብቡ፤ "እንደሰማሁት ከሆነ" በሚል አትሂዱ። የበላይ ሕጉ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው፣ እሱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ፕሮግራሞች በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ ካሪኩለም ነው ያላቸው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም ቦታ እየተሰጡ ነው። እነዚህን ብቻችሁን አትነካኩ። ከእናንተ ወደ ሌላ፣ ከሌላ ወደ እናንተ የሚዛወር ተማሪ አለ፤ ለብቻ የተነካ ኮርስ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱን ነው።

3. አንዲት ተማሪ ተከትላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሂዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሁሉም ደረጃ የማምንበት ይሄኛው ነው።

አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሴሚስተሮቹን በተርታ አስምሩ። እያንዳንዱን ኮርስ በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ ቦታው ላይ አስቀምጡ፣ ቀድሞ መወሰድ ካለበት ኮርስ ወደ ተከታዩ ቀስት ሳሉ። ከዚያ አንዲት ተማሪ በሐሳባችሁ ያዙ፤ ከገጠር የመጣች፣ አንደኛ ዓመት ላይ ኮምፒውተር አዲስ የሆነባት። ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ምረቃ አብራችኋት ሂዱ። አንድ ኮርስ ብትወድቅ ምን ይሆናል? ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው? ከሆነ አንድ ዓመት ትጠብቃለች፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሦስት ኮርሶችም አብረው ይቆማሉ። ይሄ በሰነዱ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም፣ ግድግዳው ላይ ግን ቀስቶቹ ይናገራሉ።

ይሄን የምለው ቀምሼው ነው። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ተቋም አንድ ኮርስ ወደ ሦስተኛ ዓመት አወጣነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ፈረምን። ለኮርሱ ቀድሞ መወሰድ ያለበት ሌላ ኮርስ ግን አራተኛ ዓመት ላይ እንደነበረ ቀርቶ ነበር። ያወቅነው በምዝገባ ሳምንት ነው። ሬጅስትራር መስኮት ጋ የተሰለፉት ልጆች የምዝገባ ወረቀታቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ እኛ ቢሮ ይመጣሉ፣ እኛ መልሰን እንልካቸዋለን። አንዷ ልጅ ወረቀቷን ባላበው እጇ ይዛ "መምህር፣ ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የእኔም ነበር፣ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩና። ከዚያ ወዲህ ካርድና ቀስት ሳልይዝ ሰነድ ላይ ፈርሜ አላውቅም።

ቀጥሎ ጫናውን በሰዓት አስሉ። በኢሲቲኤስ (የተማሪን የሥራ ጫና በነጥብ በሚለካው የአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት) የምትሠሩ ከሆነ አንድ ዓመት 60 ነው፣ ሴሚስተሩ 30፤ አንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የተማሪ ሰዓት ይወክላል። በ27 ብታባዙት ሴሚስተሩ 810 ሰዓት ይሆናል። በ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 50 ሰዓት ግድም ነው፣ ክፍልም፣ ላብም፣ ንባብም ተደምሮ። አሁን "አንድ አስፈላጊ ኮርስ ብቻ" እያላችሁ 35 ብታደርሱት በሳምንት 59 ሰዓት ይመጣል። ተማሪዋ መቼ ትታጠባለች፣ መቼ ትተኛለች? አንድ ኮርስ ሲገባ አንድ ነገር መውጣት አለበት። የሚወጣውን ኮርስ የሚያስተምረው መምህር ይከፋዋል። ስለዚህ ከስብሰባ በፊት ቢሮው ሄዳችሁ አነጋግሩት፣ አዳራሽ ውስጥ እንዳይሰማው።

ነባር ተማሪዎችን አትርሱ። ከአዲሱ ካሪኩለም ጋር "አሮጌው መቼና እንዴት ያበቃል" የሚል አንድ ሠንጠረዥ አያይዙ። የትኛው አሮጌ ኮርስ በየትኛው አዲስ ኮርስ ይተካል? ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ከአንድ ዓመት በኋላ የተመለሰ ልጅ የቱን ይከተላል? ይሄ ሠንጠረዥ የሌለው ሰነድ ወደ ላይ አይለፍ።

4. ግቢውን ቁጠሩ

አበው "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይላሉ። ካሪኩለም ላይ መጥኖ መደቆስ ማለት መቁጠር ነው።

ላብ እንውሰድ። 120 ተማሪ አላችሁ እንበል፣ ላቡ በአንዴ 30 ይይዛል። አራት ቡድን ይሆናሉ። አንዱ ልምምድ ሦስት ሰዓት ከፈጀ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። በዚያው ላብ ሁለት ኮርስ ካለ 24 ሰዓት። ሦስተኛ ስትጨምሩ 36 ይደርሳል። ሥራ ሰዓቱ 40 አካባቢ ነው። ታዲያ ቴክኒሻኑ ዕቃ የሚያጥበውና የሚያዘጋጀው መቼ ነው? ይሄን ስሌት ቢሮ ሆናችሁ ብቻ አትሥሩ። ላቡ ድረስ ሂዱ። "ጋሼ፣ አንድ ኮርስ ቢጨመር ይችለዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ የጠየቅኩት ሰው መልስ ሳይሰጠኝ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ማይክሮስኮፖቹን አሳየኝ። የተበላሹት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎባቸዋል፣ እያንዳንዱ ላይ የተበላሸበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፏል። የንብረት መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም "አለ" ነበር የሚለው። እኛም የምንቆጥረው መዝገቡን ነበር።

መንገዱን ቁጠሩ። ጅማ ላይ ግቢዎቹ ተራርቀዋል። ዋናው ግቢ ጅሬን በኩል፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የግብርናውም የራሱ ግቢ አለው። አንድ የጋራ ኮርስ ዋናው ግቢ 4 ሰዓት ላይ አልቆ ቀጣዩ ክፍል ኪቶ ፉርዲሳ 4፡10 ላይ ይጀምራል ብላችሁ ፕሮግራም ካወጣችሁ፣ ልጆቹ ወይ የመጀመሪያውን አቋርጠው ይወጣሉ ወይ ሁለተኛው ላይ ያረፍዳሉ። ለባጃጅ የሚከፍል ገንዘብ ሁሉም ኪስ ውስጥ የለም። የጅማ ዝናብ ደግሞ ክረምት ብቻ አይጠብቅም፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ የጋራ ኮርሶችን በግማሽ ቀን ጠቅልሉ፤ ጠዋት አንድ ግቢ፣ ከሰዓት ሌላ ግቢ።

አሁን ወደ ጅማ ልዩ ጉዳይ ልምጣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1983 በተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ኢንስቲትዩቱ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ልምዱ አብሮ መጣ፣ ወደ ሌሎች ትምህርት መስኮችም ገባ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌ ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ሄደው ችግር ይለያሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ተመልሰው የሚችሉትን ይሠራሉ። ቆንጆ ነገር ነው፣ ከልቤ የምወደው። ግን ካሪኩለም ሲከለስ መጀመሪያ መቀስ የሚያርፍበትም እሱ ነው፣ "ክፍል ውስጥ ያልሆነ ሰዓት" ስለሚመስል።

አትቁረጡት። ይልቅ በትክክል አስቀምጡት። የመውጫ ጊዜውን ፕሮግራም መስከረም ላይ ስታወጡ ስለ ቡና አስቡ። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚያ ሰሞን ገጠር ቀበሌ ላይ ቤት ለቤት ብትልኳቸው ልጆቹ በር ሲያንኳኩ የሚያገኙት ትንንሽ ልጆችንና አቅመ ደካሞችን ነው። ሰው ሁሉ ቡናው ውስጥ ነው። ወይ ከለቀማው ውጪ አድርጉት፣ ወይ በማምሻ ሰዓት እንዲሄዱ ፍቀዱ፣ ለዚያ ደግሞ መኪናና አጃቢ መምህር ያስፈልጋል። ይሄ የካሪኩለም ጉዳይ ነው ወይስ የግቢ? ሁለቱም ነው።

ቋንቋም አለ። ማኅበረሰቡ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው። ተማሪው ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ይመጣል። በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት አፋን ኦሮሞ በደንብ የሚችል ተማሪ መድቡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ አስተርጓሚ ሆኖ ይውልና የራሱን ትምህርት ሳይማር ይመለሳል። መጠይቁ ቀድሞ ይተርጎም፣ መንደር ውስጥ ቆሞ አይሁን።

የሚወጡበት ቀበሌም ይለዋወጥ። በየዓመቱ ተማሪ መጥቶ ስንት ልጅ አላችሁ፣ ሽንት ቤት አላችሁ እያለ መዝግቦ የሚሄድበት ቤት ይሰለቻል። አባወራው "ባለፈው ዓመት ነገርኳችሁ፣ ምን አደረጋችሁልኝ?" ቢል እውነቱን ነው። ካሪኩለሙ ውስጥ ውጤቱን ለቀበሌው መልሶ የማሳወቅ ሰዓት ከነነጥቡ አስገቡ። ነጥብ የሌለው ሥራ ሴሚስተሩ ሲጣበብ ይዘለላል።

5. ስብሰባው ሳይመጣ ሰዎቹን አግኙ

ሬጅስትራር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የተማሪዎች አገልግሎት፣ ፋይናንስ፣ የተማሪዎች ኅብረት። ከእያንዳንዳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሬጅስትራርን የኮርስ ኮዶቹ ሲስተሙ ላይ ይገቡ እንደሆነ ጠይቁ። ቤተ መጻሕፍትን የጻፋችሁት ማጣቀሻ አለ ወይ በሉ፤ ሰው እንደ ልቡ ሃያ መጽሐፍ ይደረድራል፣ መደርደሪያው ላይ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ተማሪ ስትጠይቁ ተወካይ ብቻ አትጥሩ። ተወካዩ ጎበዝ ተናጋሪ ነው፣ ግን አንድ ሰው ነው። ከየዓመቱ አምስት አምስት ልጅ ጥሩ፣ ውጤቱ ዝቅ ያለም ይኑርበት፣ ሴቶችም ይኑሩ፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ካለም ይምጣ። "ካሪኩለሙ እንዴት ነው?" ብትሉ "ጥሩ ነው" ይሏችኋል። "ባለፈው ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣችሁ የቤት ሥራ የየትኛው ኮርስ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ውሃ የጠፋ ቀን ጠዋት ላብ እንዴት ትገባላችሁ?" በሉ። ያኔ ወሬው ይከፈታል።

6. ገምጋሚ

ውስጥና ውጪ ገምጋሚ ይኑራችሁ። ከውጪዎቹ አንዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ከሥራው ዓለም ይሁን። ሰነዱን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ስጡ። አስተያየቱን በሦስት ዓምድ መዝግቡ፦ የተባለው፣ የእናንተ መልስ፣ የተስተካከለበት ገጽ። ያልተቀበላችሁትን ምክንያቱን ጻፉ። "ተካቷል" ብሎ ማለፍ ክልክል ነው፤ የት ተካተተ?

7. የስብሰባው ቀን

ሰነዱ ከአንድ ሳምንት በፊት ይድረስ። ከፊቱ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይለጠፍበት፦ ምን ተለወጠ፣ ለምን፣ ምን ያህል ላብና መምህር ይጠይቃል፣ ነባር ተማሪው ምን ይሆናል። አብዛኛው አባል እውነቱን ለመናገር የሚያነበው እሱን ነው፣ ስለዚህ እሱን በጥንቃቄ ጻፉት።

የአጀንዳ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከባዱን ካሪኩለም መጀመሪያ አድርጉት። የግቢ ጉዳይ ከቀደመ ስለ ውሃና ስለ ቢሮ ቁልፍ ሲወራ ምሳ ሰዓት ይደርሳል፣ ከዚያ የአራት ዓመት ትምህርት በሃያ ደቂቃ "ይጽደቅ፣ ይጽደቅ" ተብሎ ያልፋል። ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ሃያ ደቂቃ የተወሰነውን ልጆቹ አራት ዓመት ይኖሩታል። የቆጠራችሁትን ላብና መንገድ ግን ከካሪኩለሙ ጋር አብራችሁ አቅርቡ፣ "በልዩ ልዩ" ሥር እንዳይወድቅ።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ መጨረሻ ላይ ተናገሩ። ዲኑ መጀመሪያ ሐሳቡን ከሰጠ ጀማሪ ሌክቸረር አይቃወምም። ዝም ያለውን በስም ጥሩ፣ በትህትና፦ "እርስዎ ኮርሱን ያስተምሩታልና ምን ይላሉ?" ክርክሩ ሲሞቅ ቡና ይምጣ። ጅማ ነውና ቡና አይጠፋም፣ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ደግሞ ብዙ ቁጣ ያበርዳል።

8. ቃለ ጉባኤ

"በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ አቅጣጫ ተቀምጧል" የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ አቅጣጫው የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ አይኖርም። እንዲህ ጻፉ፦ "ኮርሱ ከሁለተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ወደ ሁለተኛ ሴሚስተር ተዛውሯል። ከሚቀጥለው መስከረም ለሚገቡ ብቻ ይሠራል። የላብ ጥገናውን የኮሌጁ አስተዳደር እስከ ኅዳር 30 ያስጨርሳል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለሬጅስትራር በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በደብዳቤ ያሳውቃል።" ማን፣ ምን፣ መቼ። የተቃወመ ካለ ተቃውሞው ከነምክንያቱ ይስፈር፣ በኋላ ይጠቅማል።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ወጪ ሆኖ ቁጥር ማግኘቱን፣ ሬጅስትራርም መቀበሉን ራሳችሁ አረጋግጡ። ስንት ጥሩ ውሳኔ ሳይላክ ፋይል ውስጥ ቀርቷል።

9. ንገሩ፣ ከዚያ ሄዳችሁ እዩ

ለተማሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ግሩፕ አንድ ገጽ ልቀቁ። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሁኑ፣ ጥያቄ ያለው የት ቢሮ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይጻፍ። መምህራኑን ደግሞ ሰብስባችሁ አዲሱን የኮርስ ዝርዝር በእጃቸው ስጡ፤ ካሪኩለሙ ተቀይሮ የዱሮው ስላይድ የሚቀጥልበት ቦታ ብዙ ነው።

ሴሚስተሩ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ምዝገባና ማስተካከያው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ሙሉ ቀን ያዙ። ግድግዳው ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ውጡ። ጠዋት ላቡ ጋ ሂዱ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ስንት ልጅ እንዳለ ቁጠሩ። 4 ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ጋ ቁሙ። ከሰዓት አንድ ክፍል ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያያችሁትን ልክ እንደ ገምጋሚው አስተያየት በሦስት ዓምድ ጻፉና ለቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጉት።